የትእዛዝ ወረቀቱ ጀርባ

ፍሬም ቤቱ ሁለት ክፍል ነበር። ከፊት ያለው ደንበኛ የሚስተናገድበት ነው፤ ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ የፍሬም ናሙና ተሰቅሎበታል። ከኋላ ያለው ወርክሾፕ ነው፤ መጋዙ፣ የመስታወት መቁረጫው፣ የሙጫው ባልዲ እዚያ ናቸው። ሁለቱን ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ፣ አቧራ እንዳያልፍ ሁልጊዜ የሚዘጋ በር አለ፤ ከበሩ አጠገብ ደግሞ አንዲት ትንሽ መስኮት። በመስኮቷ የትእዛዝ ወረቀት ይገባል፣ ያለቀ ትንሽ ሥራ ከነወረቀቱ ይወጣል። ልኬና ዝምታው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተዋደዱት በዚች መስኮት በኩል ነው።

ልኬ ስሟ አይደለም። የባለቤቱ እህት ናት፤ ሠራተኞቹ ናቸው ያወጡላት። ሁለት ሚሊ ሜትር የተዛነፈ ማዕዘን ከአምስት እርምጃ ታያለች። ለአንድ ስዕል ዙሪያውን የሚሆነውን ካርቶን ከሰማንያ ቀለም መካከል እጇን ዘርግታ ሳታመነታ ትመዛለች። ዝምታውም ስሙ አይደለም። እንጨት ቆራጩ ነው። ሲጠሩት "አቤት" ይላል፣ ሲያዙት "እሺ" ይላል፤ ከዚያ በላይ ቃል ከአፉ ለማውጣት ጉጠት ያስፈልጋል እያሉ ይቀልዱበታል።

ወረቀት ላይ ግን ሌላ ሰው ነበር። የመጀመሪያው ሰሞን በትእዛዙ ጀርባ "ይህ እንጨት ውስጡ ተሰንጥቋል፤ ሌላ ይምረጡልኝ" ብሎ ይጽፍ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን "ዛሬ ድምፅዎ ጎርንኗል፤ ጉንፋን ነው?" ብሎ ጻፈ። ልኬ በቀጣዩ ትእዛዝ ጀርባ "ጉንፋን አይደለም፣ ደንበኛ ነው" ብላ መለሰችለት። ከመስኮቷ ማዶ የታፈነ ሳቅ ሰማች። ሳቁን ስትሰማ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት "እርስዎ" ወደ "አንቺ" ወረደ። ማን ቀድሞ እንዳወረደው ሁለቱም ረስተውታል። በአፍ ግን ያው ነበር፤ ጠዋት በሩ ላይ ሲተላለፉ አንገቱን ሰበር አድርጎ "እንደምን አደሩ" ይላል፣ እሷም "ደህና" ትላለች፤ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ በወረቀት "ዛሬ የለበስሽው ሰማያዊ ያምርብሻል" ይላታል። ፍቅር የሚለውን ቃል ግን አንዳቸውም ጽፈውት አያውቁም።

የሚፈሩት ጋሼን ነበር፤ የልኬን ታላቅ ወንድም። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ትቶ፣ ሱቁን ይዞ፣ እሷን ያሳደገ እሱ ነው። አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ ሁለቱ ሲሳሳቁ ደረሰባቸው። አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ፣ "ልኬ፣ ወርክሾፕ የሚገባው እንጨት ነው። የእኛ ቤት ልጅ ቦታዋ ከፊት ነው" አለ። ቀልዱን ነበር። የከፋውም ቀልድ መሆኑ ነው፤ ቁጣ ቢሆን መልስ ይሰጡታል፣ ለቀልድ ምን ይባላል? ልኬ ሳቀች፤ ቀኑን ሙሉ ግን ደረቷ ላይ ድንጋይ የተቀመጠባት መሰላት።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጋሼ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ገባ።

"ከመንገዱ ማዶ ያሉት ምን እንዳመጡ ታውቂያለሽ? ሰውየው የቤቱን ግድግዳ በስልኩ አንስቶ ይመጣል። እነሱ ስዕሉን ከነፍሬሙ ኮምፒውተር ላይ ግድግዳው ላይ ሰቅለው ያሳዩታል። እኛ ገና ናሙና በእጃችን ይዘን 'ያምራል' እንላለን።"

"ያምራል እኮ ነው፣ ጋሼ።"

"አንቺ ስለሚታይሽ ነው። ለደንበኛው አይታየውም።"

ሦስት ድርጅቶች ፕሮግራማቸውን ለአንድ ወር ሙከራ ሰጥተውታል። "አንቺ ምረጪ" አላት። "ሻጮቹ ሁሉም የእኔ ይበልጣል ነው የሚሉት። እኔ የማምነው ያንቺን ዓይን ነው።"

ልኬ ሥራውን የምር ያዘችው። አንድ ስዕል አነሳች፤ ለዚያ ስዕል በሦስቱም ፕሮግራም አንድ ዓይነት ፍሬም እያለበሰች፣ እውነተኛውን ናሙና ከስክሪኑ ጎን እየያዘች ታስተያያለች። የመጀመሪያው ሲያዩት ደስ ይላል፤ ነገር ግን ጣት የማያህለውን ቀጭን ፍሬም ክንድ አሳክሎ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። ሁለተኛው ልኩን አይስትም፤ ትእዛዙንም እንደ ድሮው በወረቀት አትሞ ለወርክሾፑ ይሰጣል። ቀለም ላይ ግን ይዋሻል፤ ጥቁር ቀዩን ሸክላ፣ ሰማያዊውን አመድ አስመስሎ ያሳያል። ሦስተኛው ግን ፍሬሙ ስዕሉ ላይ የሚጥለውን ቀጭን ጥላ ሳይቀር ቁልጭ አድርጎ ያወጣዋል። አንድ ነገር ብቻ አለው፤ ወረቀት የሚባል አያውቅም። ትእዛዙ በቀጥታ ወርክሾፕ ውስጥ ወደሚሰቀል ስክሪን ይሄዳል።

ይህን ያወቀችው ማክሰኞ ዕለት ነው። ያን ቀን በትእዛዝ ወረቀት ጀርባ እንዲህ ብላ ሰደደችለት፦ "ሦስት ፕሮግራም እየሞከርኩ ነው። የመጀመሪያው አይረባም። ሁለተኛው ወረቀት ያወጣል፤ ሦስተኛው ወረቀት የለውም። አንተ የትኛው ይሻላል ትላለህ? መልስህን እጠብቃለሁ።"

ረቡዕ መልስ አልመጣም። ሐሙስም አልመጣም። ሥራው ይወጣል፤ አብረው የሚመለሱት ትእዛዞች ጀርባ ግን ባዶ ነው። በዚያው ሳምንት ጋሼ የትኛውም ቢመረጥ ፕሮግራሙ የድሮ ሥራዎችን መዝገብ ይፈልጋል ብሎ፣ ያገኘውን የትእዛዝ ወረቀት ሁሉ እየለቀመ ስካነር ውስጥ ሲከት ይውላል። ማሽኑ ወረቀት እየዋጠ ሲያጓራ፣ ልኬ ዓይኗን መስኮቷ ላይ ተክላ ትቀመጣለች። "ዘጠኝ ዓመት ተጻጽፈን፣ ይኸን ስጠይቀው ዝም?" እያለች።

በመጨረሻው ቀን ጋሼ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

"የትኛው?"

"ሦስተኛው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ቀለሙ አይዋሽም፣ ጋሼ። ሁለተኛውን ብንይዝ ሰው ቤቱ ወስዶ ሲሰቅለው 'ያሳያችሁኝ ይህን አይደለም' ይለናል።"

ያለችው እውነት ነበር። ያላለችውም እውነት ነበር፦ ወረቀት ከሌለ በሩን ይከፍታል። ዘጠኝ ዓመት ወረቀት ጀርባ የተሸሸገ ሰው፣ መሸሸጊያው ሲወሰድበት መጥቶ ከፊቴ ይቆማል። እንዲህ ብላ ተስፋ አደረገች፤ ያን ቀንም ከሥራ ስትወጣ እግሯ መሬት አይነካም ነበር።

ስክሪኑ በተሰቀለ ማግስት ጋሼ መስኮቷን በጣውላ እንዲዘጋት ዝምታውን አዘዘው። "አቧራ ከማስገባት በቀር አሁን ምን ትሠራለች?" አለ። ልኬ ከፊት ተቀምጣ መዶሻውን ሰማች። ዝምታው ሚስማር በሁለት ምት የሚጨርስ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን የመጨረሻውን ሚስማር ደጋግሞ መታው፤ ገብቶ ካለቀ በኋላም መታው። ልኬ በየምቱ ዓይኗን ትጨፍን ነበር።

በሩን አልከፈተም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ጠበቀች። ፕሮግራሙ ላይ ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ግን እዚያ የሚጻፈው ሁሉ ጋሼ ስልክ ላይ ይታያል። አንድ ቀን አልቻለችምና፣ ከአንድ ትእዛዝ ሥር "ደህና?" ብላ ብቻ ጻፈች። ጋሼ ቢያየው ስለ እንጨቱ የጠየቀች ይመስለዋል። ወዲያው መልስ መጣ። ዝምታው ስክሪኑ ላይ ካሉት አዝራሮች አንዱን ተጭኖ ኖሯል፦ "ትእዛዙ ደርሷል።"

በወሩ መጨረሻ ሥራ ለቀቀ። ከከተማው ዳር ያለ የቤት ዕቃ ድርጅት ቀጥሮታል አሉ። ሊሰናበት በፊት በኩል መጣ፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። እጁን ዘረጋላት። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እጇን ሲይዛት የመጀመሪያው ነበር፤ መዳፉ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል።

"ጥሩ መርጠዋል" አላት።

"እንዴት?" አለች፤ ስለ ፕሮግራሙ የሚያወራ መስሏት። "ወደዱት?"

አላረማትም። ራሱን ነቅንቆ ወጣ። ልኬ እጇን ሳትታጠብ ዋለች።

ስምንት ወር አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ገባች። ልብስ ሰፊ ናት፤ መለኪያዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ረስታው ኖሮ፣ ልኬ ስታየው "ውይ! በታክሲ እንዲህ ሆኜ ነው የመጣሁት?" ብላ ሳቀች። ሳቋ ሰው ያቀርባል። ከሁለት ካርቶን መሃል የልጅ ስዕል አወጣች፤ አንድ ቤት፣ አንዲት ሴት፣ አንዲት ትንሽ ልጅ፣ እጆቹ ከሰውነቱ የሚበልጡ አንድ ሰውዬ።

"የልጄ ነው። ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ካረፈ ወዲህ ሰው ስላ አታውቅም ነበር፤ ዛፍ፣ ዛፍ፣ ዛፍ ብቻ።"

"ሰውየው ማነው?"

"የማገባው ነዋ! የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው ሠርጋችን። ሳይሰማ ቤቱ ልሰቅልለት ነው። ታምኚኛለሽ፣ ዕድሜውን ሙሉ ፍሬም ሲሠራ ኖሮ ቤቱ ውስጥ አንድ ፍሬም የለውም። እዚሁ እናንተ ጋ ነበር የሚሠራው። የቀለም ነገር ከሆነ እዚያ ያለችው ሴት አትሳሳትም ይላል ሁልጊዜ። ለዚህ ነው ከተማውን አቋርጬ የመጣሁት።"

ልኬ ዓይኗን ከስዕሉ ሳታነሳ፣ "የግድግዳው ፎቶ አለሽ?" አለች።

ልብስ ሰፊዋ የግድግዳውን ፎቶ ከስልኳ ላከችላት። የዝምታው ክፍል ስክሪኑን ሞልቶ ተከፈተ። ልኬ ያን ክፍል ዘጠኝ ዓመት ስትገምተው ኖራለች። አንድ ጊዜ "ቤትህ ምን ይመስላል?" ብላ ጽፋለት፣ "አራት ግድግዳ ነው፤ ሦስቱን ቆጥሬያለሁ" ብሎ መልሶ ሳምንቱን ሙሉ አስቋታል። አሁን አየችው። ተወጥሮ የተነጠፈ አልጋ። ማዕዘኑ እንደ ፍሬም የተገጠመ መደርደሪያ፤ በላዩ ሁለት ኩባያ። በወንበሩ መደገፊያ ላይ የተጣለች ትንሽዬ ቢጫ ሹራብ።

ስዕሉን በፍሬም አልብሳ በማውሱ እየገፋች ግድግዳው ላይ ወሰደችው።

"ትንሽ ወደ ግራ" አለች ልብስ ሰፊዋ ትከሻዋ ላይ አዘንብላ። "አይ፣ ዝቅ በይ። ሲተኛ ዓይኑ እንዲያርፍበት ነው የምፈልገው።"

ልኬ ዝቅ አደረገችው። ለአንዲት ቅጽበት የማይሆን ቀለም ልትመርጥላት አሰበች፤ ዘወትር አልጋው ላይ ጋደም ሲል ዓይኑን እንዲወጋው። ከዚያ በራሷ አፈረች። ደማቅ ያልሆነ ነጭ ካርቶን መዘዘች፤ ቀለም ያልነካው ቀጭን እንጨት አለበሰችው። የልጅቷ ስዕል ግድግዳው ላይ መብራት እንደበራለት ሆነ። ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"እውነትም አትሳሳቺም" አለች።

ይህች ሴት ክፉ ብትሆን ኖሮ፣ ልኬ የምትይዘው ነገር ይኖራት ነበር።

ፍሬሙ ሲያልቅ ሊወስድ የመጣው ራሱ ዝምታው ነበር። እንደ ማንኛውም ደንበኛ በፊት በር ገባ።

"እንደምን ዋሉ። ምስጢር መያዝ አትችልም፤ ነገረችኝ። ዛሬ ሥራ በዝቶባት ነው እኔን የላከችኝ።"

"እንኳን ደስ አለዎት።"

"እግዜር ይስጥልኝ።"

ፍሬሙን አንስቶ ማዕዘኑን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። "ማን ቆረጠው?"

"አዲሱ ቆራጭ።"

"ጎበዝ ነው።"

"አይደለም። ሦስቴ አስደግሜዋለሁ።"

ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን የሚቆምበት አጣ። ልኬ ፍሬሙን ልትጠቀልል ወረቀት ዘረጋች። እሱ ለመሄድ አልቸኮለም።

"አንድ ነገር ልበልዎትና ልሂድ" አለ። ለእሱ ይህ ራሱ ረጅም ንግግር ነው። "ቂም የለኝም። መልስዎን ካገኘሁ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሰው ሆኜ መቆም አቅቶኝ ነበር። ግን በጨዋ ደንብ ነው የመለሱልኝ። አንድም ሰው ፊት አላዋረዱኝም።"

"የምን መልስ?"

"የወረቀቱን።"

"የቱን ወረቀት?"

ዝምታው ቀና ብሎ አያት። "የትኛው ይሻላል ብለሽ ጠየቅሽኝ።"

በአፉ "አንቺ" ሲላት የመጀመሪያው ነበር። ሁለቱም ልብ አላሉትም።

"ጠየቅኩህ። አልመለስክልኝም!"

"መልሼልሻለሁ። በማግስቱ። የዚያ የባሕሩ ስዕል ትእዛዝ ጀርባ ላይ ጽፌ መስኮቷ ላይ አስቀመጥኩት።"

"ምን ብለህ?"

በቃሉ ይዞታል። ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ፣ እንደሚያነብ ሰው ቀስ ብሎ አለው። "'እኔን ከፈለግሽኝ ወረቀት ያለውን ምረጪ፤ በነጋታው ከወንድምሽ ፊት እቆማለሁ። ካልፈለግሽኝ ወረቀት የሌለውን ምረጪ፤ ይብቃን ማለትሽ ይገባኛል፣ አንድም ቃል አልጠይቅሽም።'"

የባሕሩ ስዕል። ልኬ ትእዛዙን ታስታውሰዋለች። ረቡዕ ጠዋት ጋሼ መስኮቷ ላይ የተደራረበውን ወረቀት እንዳለ አፍሶ ለስካነሩ ሲያበላው በዓይኗ አይታለች። ማሽኑ የሚያነበው ፊቱን ብቻ ነው። የተነበበው በከረጢት ታስሮ በዚያው ሳምንት ተጥሏል።

"አልደረሰኝም" አለች። "በእናቴ፣ አልደረሰኝም። እኔ ወረቀት የሌለውን የመረጥኩት በበሩ እንድትመጣ ነው! የምትሸሸግበት ስታጣ ትናገራለህ ብዬ ነው። ስጠብቅህ ነበር እኮ። ስክሪኑ ከተሰቀለበት ቀን ጀምሮ ስጠብቅህ ነበር።"

ዝምታው ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ። ከውጭ የመኪና ድምፅ ይሰማል። አንድ ሰው መስታወቱን አይቶ አለፈ።

"ሠርግህ አንድ ሳምንት ቀርቶታል" አለች ልኬ። ለምን እንዳለችው አላወቀችም። ምናልባት አንድ ነገር እንዲላት ነበር።

"ትናንት ልጅቷ 'አባዬ' አለችኝ" አለ። "ሳታስበው ነው ያመለጣት። ከዚያ ደንግጣ አየችኝ፤ እቆጣ እንደሆን።"

"ምን አልካት?"

"'አቤት' አልኳት።"

ልኬ እንባዋ ቢመጣም እጇ አልቆመም። ፍሬሙን ጠቀለለች፣ ማዕዘኖቹን በካርቶን አለበሰች፣ በገመድ አሰረች። ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ የኖረ እጅ አእምሮን አይጠብቅም።

"በል ሄደህ ስቀለው" አለች። "ብዙ ከፍ አታድርገው። ስትተኛ እንዲታይህ ነው የፈለገችው።"

"ልኬ።"

"ተው። ደግመህ ከጠራኸኝ አልለቅህም። ያቺ ልጅ ደግሞ ዛፍ ወደ መሳል ትመለሳለች።"

ፍሬሙን ታቀፈ። በሩ ጋ ደርሶ ጀርባውን እንደሰጣት ጥቂት ቆመ፤ ትከሻው አንዴ ብድግ ብሎ ወረደ። ከዚያ ወጣ። ልኬ በመስታወቱ አልተከተለችውም። ብታየው ሮጣ እንደምትደርስበት ታውቃለች።

የወርክሾፑ በር ተከፈተ። ጋሼ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ሁሉንም ሰምቷል።

"ጀርባውን አላገላበጥኩትም" አለ። "እምልልሻለሁ፣ አላየሁትም።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። "ያኔ ብትነግሪኝ እቆጣ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ሁለት ወር፣ ሦስት ወር አኮርፍሽ ነበር። ከዚያ ይበርድልኝ ነበር።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ምን ጊዜ ሳይበርድልኝ ቀርቶ ያውቃል? ለምን አልነገርሽኝም?"

"አሳድገኸኛላ" አለች። "ሦስት ወር እንኳ እንድታኮርፈኝ አልፈለግሁም።"

ጋሼ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እንደ አባት ያሳደጋትን ወንድሟን ስታባብል ዋለች፤ ለራሷ የሚሆን ማባበያ ግን አልተረፋትም።

የሠርጉ ዕለት እሑድ ነበር። ልኬ ረፋዱ ላይ ተነስታ ቤቷን ጠረገች፣ ሁለት አንሶላ አጥባ ሰገነቱ ላይ አሰጣች። የወንድሟ ሚስት ስታልፍ አይታት፣ "ምነው ፊትሽ ጠቆረ? አሞሻል እንዴ?" አለቻት።

"ደህና ነኝ" አለች። እውነቷን ነበር። ፈልጋ ፈልጋ የሚያማት ቦታ አጥታለች።

እኩለ ቀን ላይ የሠርግ መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ከታች በመንገዱ መጡ። የእሱ ይሁኑ የሌላ ሰው አታውቅም፤ በዚያ ቀን የሚያገባው እሱ ብቻ አይደለም። እጇ እንደረጠበ የሰገነቱን ብረት ይዛ ቆመች፤ ቁልቁል ግን አልተመለከተችም። ቶሎ እንዲያልፉላት ተመኘች። አለፉ፤ ጥሩምባው እየራቀ፣ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ያኔ መንደሩ ላይ የወደቀው ጭርታ ከጥሩምባው ባሰባት፤ "ተመለሱ፣ ትንሽ ንፉ" ብላ ልትጮህ እስኪዳዳት ድረስ።